እንጨቱ አይነድም፣ ላሜራው ግን ይነዝራል፦ ከውዳቂ ዕቃ ስለሚሠራ የኮምፒውተር ኬዝ ተረትና እውነታ

ቁራሌው ደሴ አጠገብ ካለው ገራዶ እስከ ኮምቦልቻ በጆንያና በጋሪ ከሚሰበስበው ዕቃ ውስጥ ለኮምፒውተር ኬዝ የሚሆን ሞልቷል። ውስጡ የተቃጠለ ስታቢላይዘር፣ ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ፣ የመሥሪያ ቤት ፋይል ካቢኔ፣ በሩ የወለቀ ማይክሮዌቭ፣ ከፋብሪካ የወጣ የኤሌክትሪክ ፓኔል ሳጥን፦ ሁሉም ጥሩ ላሜራ አላቸው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ከተማ ስለሆነች የፋብሪካ ብረት ሩቅ አይደለም። ደሴ ውስጥ ደግሞ ማዘርቦርዱ ደህና ሆኖ ኬዙ የተሰባበረ ኮምፒውተር በየጥገና ቤቱ ጥግ ተቆልሎ ማየት የተለመደ ነው። በሰሜኑ ጦርነት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ከተሞች ተይዘው ቢሮዎች፣ ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ የተረፈውን አካል አገጣጥሞ ወደ ሥራ መመለስ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን የግድ ሆኖ ነበር።

የተረፈውን ቦርድና የተጣለውን ላሜራ ማገናኘት ይቻላል፤ ጥሩ ሥራም ነው። ስለ ሥራው የሚነገረው ግን ግማሹ ልክ አይደለም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ሰው የማያስፈራውን ፈርቶ የሚገድለውን መናቁ ነው።

«ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ከተሠራ በሙቀቱ ይነዳል»

ይህን የማይል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ፕሮሰሰር ግን ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልበረደለት ራሱን ያጠፋል። ደረቅ እንጨት እሳት ለመያዝ ከ200 ዲግሪ በላይ ያስፈልገዋል። በሁለቱ መካከል ሰፊ ርቀት አለ።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው አፕል 1 ያለ ኬዝ፣ ቦርዱ ብቻ ነበር የሚሸጠው፤ ገዢዎቹ ሳጥኑን ራሳቸው ሠሩለት፣ አንዳንዶቹም ከጣውላ። የጎግል መሥራቾች እ.ኤ.አ. በ1996 ስታንፎርድ ሳሉ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት የሚይዙ ዐሥር ሃርድ ዲስኮችን ያስቀመጡት ከሕፃናት መጫወቻ ሌጎ በተገጣጠመ ሳጥን ውስጥ ነው። ወደ እኛ ኑሮ የሚቀርበው ደግሞ ጄሪ የሚባለው ነው፦ ፈረንሳይ ተጀምሮ በሎሜና በአቢጃን ወጣቶች እጅ የዳበረ፣ የ20 ሊትር ጀሪካን ቆርጦ ያገለገሉ የኮምፒውተር አካላትን በውስጡ የመግጠም ሥራ። የዘይት ጀሪካን የማይገኝበት የወሎ ቤት አላውቅም። የጀሪካን ፕላስቲክ በ130 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ሙቀት ማስወጫው ብረት እንዳይነካው ብቻ መጠንቀቅ ነው።

እሳት የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው፦ በደንብ ካልተሰካ የኃይል ገመድ፣ ከደከመ ዲቫይደር፣ ከተበላሸ ፓወር ሰፕላይ። ስለዚህ ኬዙ ከምንም ይሠራ ከምን፣ ፓወር ሰፕላዩ ከገዛ ራሱ የብረት ሳጥን አይወጣም። ቦታ ይቆጥባል ብሎ ፈትቶ ቦርዱን እርቃኑን ከጣውላ ላይ መምታት እሳቱን ራስ መጋበዝ ነው።

እንጨትና ፕላስቲክ አንድ እውነተኛ ጉድለት አላቸው፦ የኮምፒውተሩን የሬዲዮ ሞገድ አያግዱም። አጠገቡ ያለ ሬዲዮ ሊንሿሿ ይችላል። ይህ ግን የሚያስቸግር እንጂ የሚጎዳ አይደለም።

«የደሴ ብርድ ባለበት ፋን ምን ይሠራል?»

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ። ብርዱ እርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ከፍታው አየሩን ያሳሳዋል፦ የደሴ አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢዞር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሚሆን የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ብርዱ የሰጠውን ከፍታው በከፊል ይወስደዋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሳጥኑን መድፈን ነው። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ዙሪያው የተዘጋ የስታቢላይዘር ሳጥን ውጭው በረዶ ቢጥልም ውስጡ ይግላል። ቀላል የቢሮ ኮምፒውተር በሥራ ላይ ሲሆን የባለ 60 ሻማ አምፖልን ያህል ሙቀት ያወጣል፤ ያን አምፖል በዝግ ቆርቆሮ ውስጥ አብርቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን መንካት ነው። ቀዝቃዛው አየር ከታች በፊት በኩል ይግባ፣ የሞቀው ከላይ በኋላ በኩል ይውጣ፤ መግቢያው ላይ በቀላሉ ተነቅሎ የሚታጠብ የሴት ስቶኪንግ ወይም ስስ ስፖንጅ ይወጠር። ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን የብሎን ቀዳዳዎቹ ከመሐል እስከ መሐል 105 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ላሜራው ከመበሳቱ በፊት ይህን በእርሳስ ማስመር ብዙ ልፋት ያድናል።

ክዳኑን ከፍቶ መተውም መፍትሔ አይደለም። አቧራው ይቅርና፣ ብዙ የቢሮ ኮምፒውተሮች አየሩ በተመረጠ መንገድ እንዲያልፍ ታስበው ስለተሠሩ፣ ክዳኑ ሲነሣ ንፋሱ ይበተንና ፋኑ የማይደርስባቸው ክፍሎች ይብስ ይሞቃሉ።

ስለ ሃርድ ዲስክ ሁለት ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ ተደርገው ስለሚመረቱ ደሴ አትከብዳቸውም። የተለመዱት ዲስኮች ሽፋናቸው ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ግን መተንፈሻቸው ናት፤ በፕላስተር ወይም በቀለም አትደፈንም። ጉም በዋለበት ቀን ከብርድ ክፍል ወደ ሞቀ ቤት የገባ ኮምፒውተርም ወዲያው አይበራም፤ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

«ቦርዱ ከገባ አለቀ»

ኤቲኤክስ የሚባለው የቦርድ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1995 በኢንቴል ከወጣ ወዲህ ልኮቹ ይታወቃሉ። ትልቁ ቦርድ 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ነው። ቦርዱ ላሜራውን በቀጥታ ከነካ ሾርት ስለሚሆን ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው የሚይዙት ትንንሽ የናስ እግሮች ያስፈልጉታል። ከተሰበረ ኬዝ ላይ እነሱን መፍታት አይረሳ፤ ሰው ግን ከኬዙ ጋር አብሮ ይጥላቸዋል።

ችግሩ፣ እኛ ዘንድ ባገለገለ ዕቃ ገበያ የሚበዙት የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ይህን መለኪያ ሁልጊዜ አለመከተላቸው ነው። በብዙ ሞዴሎች የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ የተለመደው ባለ 24 እግር ሳይሆን የራሳቸው ነው። የፊት ቁልፉና የዩኤስቢው ገመድ አሰካክም ይለያል። አንዳንዶቹ የፊቱ ፋን ወይም የፊቱ ዩኤስቢ ካልተሰካላቸው ሲበሩ የስሕተት መልእክት አውጥተው ቁልፍ እስኪጫኑላቸው ይቆማሉ፤ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው አንዳንዴ ይህ ነው። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ቦርዱን ብቻ ነቅሎ መውሰድ አይበቃም፤ ፓወር ሰፕላዩ፣ ፋኖቹና የፊት ሰሌዳው አብረው ይምጡ።

ማብሪያው ግን ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ሁለት ሽቦ ለቅጽበት የሚያገናኝ ማንኛውም ቁልፍ ይሆናል፤ የበር ደወል መጥሪያ ግሩም አድርጎ ይሠራል። የግድግዳ መብራት ማብሪያ ግን አይሆንም፦ እንደተጫነ ስለሚቀር ኮምፒውተሩ በርቶ ከአራት ሰከንድ ያህል በኋላ ራሱን ያጠፋል።

«ከሶኬት የተነቀለ ዕቃ አይጎዳም»

ይጎዳል። ካፓሲተር የሚባለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ የማይክሮዌቭ አካል ከ2,000 ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይበት ይችላል። ወፍራሙ የድሮ ቴሌቪዥን ስክሪኑ ላይ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚደርስ ኃይል ይይዛል። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይም 220 ቮልቱን ወደ 310 ገደማ ቀይሮ ያከማቻል። ማይክሮዌቭና ቴሌቪዥን ለኬዝ የምትፈልጉ ከሆነ ውስጡን የሚያውቅ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ያራግፍላችሁ፤ እናንተ ባዶውን ቅርፊት ውሰዱ።

ከጦርነቱ ስፍራ የተለቀመ ብረትን በተመለከተ ቃሌ አንድ ነው፦ አትንኩት። የጥይት ሳጥን ጠንካራ ነው፣ ለኬዝም ያምራል፤ አጠገቡ የተኛው ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም። ያያችሁትን ለፖሊስ አሳውቁ።

ሌላው በየብየዳ ቤቱ የሚሰማው «ጭሱን ወተት ያወጣዋል» የሚለው ነው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ወይም ቱቦላሬ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ እንደ ወባ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው፤ ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ አይገናኙም። ዚንኩን ብየዳው በሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ በሊማ ፍቆ፣ ጭስ በማያፍን ግቢ መሥራት ነው መከላከያው። ለኬዝ ደግሞ ብየዳ ብዙም አያስፈልግም፤ በድሪል በስቶ በብሎንና በዳዶ ማሰር በኋላ ለመፍታትም ይመቻል። መቁረጥ፣ መብሳትና መፋቅ ሁሉ ቦርዱ ከመግባቱ በፊት ያልቃል፤ የቀረች የብረት ብናኝ ቦርዱን ታቃጥላለች።

«ትንሽ ቢነዝር ምንም አይደል»

ወደ ዋናው ደረስን። የብረት ኬዝ ሲነኩት እጅ የሚያሳክክ ንዝረት ከተሰማ፣ ቴስተሩም ከበራ፣ ሰው «የኮምፒውተር ጠባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የሚሆነው ይህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ መግቢያው ላይ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉት፤ አንዱ ከፌዙ፣ ሌላው ከኒውትራሉ ወደ ብረት ሳጥኑ ይያያዛሉ። ሥራቸው የኤሌክትሪክ ረብሻ ማጣራት ነው፤ በእነሱ የሚያልፈው ጥቂት ኮረንቲ በሦስተኛው ሽቦ፣ በኧርዙ፣ ወደ መሬት እንዲወርድ ታስቧል። ኧርዝ ከሌለ መውረጃ ያጣና ኬዙ ላይ የ220 ግማሽ፣ 110 ቮልት ገደማ ይንሳፈፋል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ አምፔር በታች ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። በአንድ ዲቫይደር ላይ ዐሥር ኮምፒውተር የተሰካበት የጽሕፈት ቤት ወይም የጌም ቤት ግን የሁሉም ስለሚደመር ንዝረቱ ይከብዳል።

አደጋው ግን ንዝረቱ አይደለም። ንዝረቱ ኧርዝ እንደሌለ የሚናገር ምልክት ነው። ከውዳቂ ላሜራ የተሠራ ኬዝ ጠርዙ ስለት ነው፤ የኃይል ገመዱን እየፈተገ አንድ ቀን ቢቆርጠው ሙሉ 220 ቮልት ኬዙ ላይ ይወጣል። በደንብ የተሠራ ኧርዝ ቢኖር ኮረንቲው ወደ መሬት ተወርውሮ ብሬከሩን ያስቆርጠው ነበር። ከሌለ ምንም አይቆርጥም፤ ቀድሞ የነካው ሰው መሬት ይሆንለታል። በገራዶም ሆነ በደሴ በቆዩ ቤቶች ሁለት ሽቦ ብቻ የያዘ ሶኬት ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም።

መድኃኒት ተብለው የሚነገሩትም አያዋጡም። ስፒናውን ገልብጦ መሰካት፦ ሁለቱ ካፓሲተሮች እኩል ስለሆኑ ለውጥ የለውም። ከውኃ ቧንቧ ማሰር፦ ዛሬ ቧንቧው ብዙ ቦታ ፕላስቲክ ነው፤ ብረት በሆነበትም ጎረቤት ሲታጠብ ኮረንቲ እንዲይዘው ያደርጋል። ከሁሉ የከፋው ኒውትራሉን ከኬዙ ማገናኘት ነው፦ ስፒናው ተገልብጦ በተሰካ ቀን ወይም ኒውትራሉ በተበጠሰ ቀን ኬዙ በቀጥታ ፌዝ ይሆናል።

ትክክለኛው ሥራ አሰልቺ ነው፣ ውድ ግን አይደለም። ባለሙያ ኤሌክትሪሺያን የመዳብ ዘንግ እርጥበት ባለው መሬት ቀብሮ፣ ለክቶ፣ ሽቦውን እስከ ሶኬቱ ያምጣ፤ ዘንግ ብቻውን ብሬከሩን ላያስቆርጥ ስለሚችል፣ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያፈስ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ አርሲዲ የሚባል መቁረጫም ይጨመር። ኬዙ ላይ ፓወር ሰፕላዩ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ እስከ ብረቱ ይፈቅ፤ ቀለም ኮረንቲ አያስተላልፍምና። በማጠፊያ የተያዘ በር ወይም ክዳን በቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ከዋናው አካል ይገናኝ። እንጨት ኬዝ ላይ ያለ፣ እጅ የሚነካው ማንኛውም ብረትም እንዲሁ። ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባበት። በመጨረሻ ስፒናው ተነቅሎ እያለ፣ በመልቲሜትር ከስፒናው የኧርዝ እግር እስከ እያንዳንዱ ላሜራ ይለካ፤ ከአንድ ኦም በታች ካላሳየ አንድ ቦታ አልተያያዘም።

መልቲሜትር የሌላችሁ የጥገና ቤት ሰው ለምኑ፤ ወይም በደሴው ወይዘሮ ስሂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አሊያም በኮምቦልቻው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር የሰፈር ልጅ ጠይቁ፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሶኬታችሁ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ብላችሁ ደግሞ ከባለ ሦስት እግሩ ስፒና ሦስተኛውን እግር እንዳትቆርጡት አደራ፤ ስፒናውን ሳይሆን ሶኬቱን አስቀይሩ።