ጎማው የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በተለምዶ 505 ኪሎ ሜትር ይባላል። ሁለት ሾፌሮች በአንድ መንገድ ተጉዘው አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ሲደርሱ ግን አንዱ 515፣ ሌላው 480 ሊያነብ ይችላል። ማንም አልዋሸም።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪ መንገድ አያውቅም፤ የሚያውቀው ዙር ነው። ሮማዊው ቪትሩቪየስ ከ2,000 ዓመት በፊት የጻፈለት መሣሪያ የሠረገላው እግር 400 ጊዜ በዞረ ቁጥር አንዲት ጠጠር ሳጥን ውስጥ ይጥል ነበር፤ አንድ ማይል መሆኑ ነው። ዛሬም ነገሩ ያው ነው። በድሮ መኪና ከካምቢዮ የሚነሳ ቀጭን ገመድ፣ በአዲሱ ደግሞ ሴንሰር ዙሩን ይቆጥራል፤ ከዚያ ፋብሪካው በገመተው የጎማ ዙሪያ ልክ ይባዛል።

ችግሩ ያለው ግምቱ ላይ ነው። 195/65/15 ጎማ አዲስ ሳለ በአንድ ዙር 2 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጥርሱ ሙልጭ ብሎ 6 ሚሊ ሜትር ሲያልቅ በየዙሩ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጎድላል፤ ቆጣሪው ግን ሙሉውን መጻፉን አይተውም። 515 የመጣው ከዚህ ነው። ኮረኮንች ሆዷን እንዳይመታት ብሎ መኪናዋን በ205/70 ከፍ ያደረገው ሾፌር ደግሞ 480 ያነባል። በ5,000 ኪሎ ሜትር ዘይት ቀየርኩ ሲል እውነቱ 5,260 አልፏል፤ ነዳጅ በላችብኝ እያለም ያለጥፋቷ ያማታል።

ብዙዎች ዳገትን ይጠረጥራሉ። በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት እንኳ ከካርታው ርቀት የሚጨምረው ግማሽ ሜትር ነው፤ እሱም በእርግጥ የተነዳ መንገድ ነው። ጭቃ ግን ያሳስታል። በክረምት ከጨንቻ ዋና መንገድ ወጣ ብላ የተያዘች መኪና፣ አንድ ጎማዋ ቆሞ ሌላው በባዶ ሲሽከረከር፣ ካምቢዮ ላይ የሚቆጥረው ሴንሰር የሁለቱን አማካይ ወስዶ ይጽፋል። ሰው እየገፋ፣ ድንጋይ እየጎዘጎዘ፣ መኪናዋ ግን በወረቀት ትጓዛለች።

የፍጥነት ጌጁን አይቶ ቆጣሪውን መጠርጠርም ልክ አይደለም። በአውሮፓ ደንብ ጌጁ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት አይችልም፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች ሆን ብለው ትንሽ ያስበልጡታል። ቆጣሪው ይህ ጭማሪ የለበትም።

እጅ የገባበት ቁጥር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያገለገለ መኪና ሲገዙ በላፕቶፕ የተቀነሰ ኪሎ ሜትር ከስክሪኑ ላይ አይለይም። እኔ ጎንበስ ብዬ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ አያለሁ፦ 60,000 የምትል መኪና ፔዳሏ ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ ስለ ዋጋ ማውራት አልጀምርም።