ምናባዊ ዓለም በዳይስ፦ የሠንጠረዥ አወቃቀርና የደራሲው ድርሻ

በሚና ጨዋታዎች ውስጥ ተጫዋቾቹ የሚንቀሳቀሱበትን ምናባዊ ዓለም የሚያዘጋጀው የጨዋታው መሪ ነው። መሪው ምድሩንም ሕዝቡንም ሕጉንም ከራሱ ብቻ ማፍለቅ አይጠበቅበትም፤ ዳይስ ጥሎ የወጣውን ቁጥር ከሠንጠረዥ ጋር በማመሳከር ሊያገኛቸው ይችላል። ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ ፈጠራን ለአጋጣሚ አሳልፎ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ዳይሱ የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ዓለም ሊወለድ እንደሚችል አስቀድሞ የወሰነው ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ነው።

ጋሪ ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ለ«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ጨዋታ መሪዎች ባሳተመው መጽሐፍ አባሪ ውስጥ ከመሬት በታች ያሉ መተላለፊያዎችንና ክፍሎችን በባለ 20 ገጽ ዳይስ የሚያወጣ ሠንጠረዥ አለ። እያንዳንዱ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ እኩል 5 በመቶ ነው። ሆኖም የጎን መተላለፊያ ከ6 እስከ 10 ያሉትን አምስት ቁጥሮች ሲይዝ፣ መውጫ የሌለው መንገድ የያዘው 18ን ብቻ ነው። የዚህ ዓለም መንገዶች የሚበዙት፣ መዘጋታቸውም ብርቅ የሚሆነው በዚህ ድልድል ምክንያት ነው።

ማርክ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ትራቨለር» ነገሩን ይበልጥ ያራቅቀዋል። የጨዋታው መቼት ጠፈር ነው፤ ዓለማቱ የሚቀረጹት ግን በተራው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ነው። ሁለት ዳይስ ተጥለው ሲደመሩ 7 የመውጣት ዕድሉ 6/36፣ 12 የመውጣት ዕድሉ ደግሞ 1/36 ስለሆነ መካከለኛው ይዘወተራል። ከዚህም በላይ ሠንጠረዦቹ በሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። የሕዝብ ቁጥር ደረጃ የሚገኘው ከድምሩ 2 በመቀነስ ነው። ለመንግሥት ዓይነት እንደገና ዳይስ ይጣልና 7 ተቀንሶ የሕዝቡ ደረጃ ይጨመርበታል፤ ለሕግ ጥብቀት ደግሞ በተመሳሳይ ስሌት የመንግሥቱ ቁጥር ይጨመራል።

የሰንሰለቱ መቋረጫም ትኩረት ይሻል። የሕዝብ ብዛት በዓለሙ መጠንም ሆነ በከባቢ አየሩ ላይ አይመሠረትም። ስለዚህ መጠኑ 0 የሆነ፣ ማለትም አየር አልባ የጠፈር ዐለቶች ስብስብ፣ ደረጃው 9 ወይም 10 የሆነ፣ ማለትም በቢሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ሊኖረው ይችላል። ዕድሉ 1/36 ሲባዛ በ3/36፣ ማለትም 1/432 ነው። በደረጃ 9 ላይ ከሌሎች ሁሉ ይልቅ የመውጣት ዕድል ያለው የመንግሥት ዓይነት ደግሞ ቁጥር 9፣ ለሰው ፊት የማይሰጥ ቢሮክራሲ ነው። ይህን ውጤት ጉድለት ነው ብሎ ዳይሱን እንደገና መጣል ይቻላል። በእኔ አስተያየት ግን የደራሲው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አየሩን የሚያመርተው ማን ነው? የሚተነፍሰውስ ለማን ይከፍላል? እነዚህ ጥያቄዎች ሲመለሱ ቢሮክራሲው ምክንያት፣ ቢሊዮኖቹም ታሪክ ያገኛሉ።

ሰንሰለቱ ራሱ ግን ያለ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም። ሕዝብ በበዛ ቁጥር የመንግሥቱ ቁጥር ከፍ ይላል፤ የመንግሥቱ ቁጥር ሲጨምርም ሕጉ ይጠብቃል። ይህ የሒሳብ ልብስ የለበሰ የፖለቲካ አቋም ነው፤ ሃይማኖት፣ ወረራ ወይም የንግድ መስመር በስሌቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ተጫዋቹ ውጤቱን የዕጣ ነገር አድርጎ ስለሚቀበለው አቋሙን ለመሞገት ዕድል አያገኝም። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ እንዲህ ያሉ ሠንጠረዦችን እንደ ማንኛውም ድርሰት ሊያነባቸው ይገባል የምለውም ለዚህ ነው።

በአማርኛ የራሱን ሠንጠረዥ ለሚያዘጋጅ ሰው የመጀመሪያው ዓምድ ከፍታ ሊሆን ይችላል፦ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ከከፍታ ሰብል ይከተላል፤ ደጋ ከወጣ ለገብስ፣ ቆላ ከወጣ ለማሽላ ሰፊ የቁጥር ድርሻ ይሰጣል። አስቸጋሪው ቀጣዩ ዓምድ ነው። ግብር ከሰብል በኋላ ቢመጣ ገዢው በማሳው ላይ የተመሠረተ ይሆናል፤ ግብር ቀድሞ ወጥቶ ሰብሉን የሚወስን ከሆነ ደግሞ ገበሬው የሚዘራው ገዢው የሚፈልገውን ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በዚያው በአንድ ዳይስ ነው።