ፈቃዱ በማን እጅ ነው? የባሕረ ሰላጤው ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ መምህራንና የረጅም ጊዜ መኖሪያ

በሳዑዲ ዓረቢያ በቀይ ባሕር ዳርቻ በቱዋል የሚገኘው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2009 በሩን ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የአቡዳቢ ቅጥር ግቢ ማስተማር ጀመረ፤ ዶሃም በትምህርት ከተማዋ የበርካታ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችን ቅርንጫፎች አሰባስባለች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእነዚህ ተቋማት ከሚያስተምሩትና ከሚመራመሩት አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የምጣኔ ሀብታቸውን መሠረት ከነዳጅ ወደ ዕውቀት ለማዞር ሲነሡ የተደገፉት በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ለረጅም ዓመታት ስመ ጥር ፕሮፌሰርም ሆነ የቤተ ሙከራ ረዳት በአገሩ የሚኖረው አሠሪው ባወጣለት ፈቃድ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ቪዛ ይጠይቃል፤ ሠራተኛው ሲደርስ የጤና ምርመራ ያደርጋል፣ የጣት አሻራ ይሰጣል፣ ከዚያም የመኖሪያ መታወቂያውን ይቀበላል። የትምህርት ማስረጃው በተሰጠበት አገር ካልተረጋገጠ ደግሞ ጉዳዩ ከመነሻው ይቆማል። የትዳር ጓደኛና ልጆች የሚገቡት በእርሱ ፈቃድ ሥር ነው። ሥራው ሲያበቃ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ የእርሱ ሲሰረዝ የቤተሰቡም አብሮ ይሰረዛል።

ይህ አሠራር በምሁር ሕይወት ላይ የሚያሳድረው ጫና ቀላል አይደለም። አንድ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪን ከመነሻ እስከ ምረቃ ለማድረስ አራትና አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ውሉ ግን ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት የሚታደስ ነው። ከክፍል ኃላፊው ጋር በሐሳብ የተለያየ መምህር የሚያሰጋው ሥራውን ማጣት ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡ መኖሪያና የልጆቹ ትምህርትም በዚያው ውል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የፈቃዱ ዘመን ርዝመት ሳይሆን ፈቃዱ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ አዲስ መልስ ለመስጠት ቀድማ ከተነሡት አንዷ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ናት። በ2019 የተጀመረው ወርቃማ ቪዛ በጥቅምት 2022 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ ተስፋፍቶ የአሥር ዓመት የሚታደስ መኖሪያ ሆኗል። ባለፈቃዱ አሠሪ ዋስ አያስፈልገውም። ሥራ ቢለቅ ወይም ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ቢዛወር መኖሪያው አብሮ አይሰረዝም። ልጆቹን ያለ ዕድሜ ገደብ በሥሩ ማኖር ይችላል። ባለፈቃዱ ቢሞት እንኳ ቤተሰቡ የፈቃዱ ዘመን እስኪያልቅ እንዲቆይ ደንቡ ይፈቅዳል።

ሳዑዲ ዓረቢያም በ2019 ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ የተባለውን ሥርዓት አውጥታለች። መጀመሪያ ላይ ጊዜ ያልተገደበለት ፈቃድ 800,000 ሪያል፣ በየዓመቱ የሚታደሰው ደግሞ 100,000 ሪያል ይጠይቅ ስለነበር ከመምህር ይልቅ ለባለሀብት የተሰፋ ልብስ ነበር። በጥር 2024 ግን አምስት አዳዲስ ዓይነቶች ተጨመሩ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የልዩ ክህሎት ፈቃድ ተመራማሪዎችን በስም የሚጠቅስ ሲሆን ክፍያውም 4,000 ሪያል ነው። የገንዘብ መስፈርቱ በዕውቀት መስፈርት መተካቱ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ትልቅ ለውጥ ነው።

የኳታር መንገድ ጠባብ ነው። በ2018 የወጣው የቋሚ መኖሪያ ሕግ ከአገሩ ውጭ ለተወለደ ሰው የ20 ዓመት ኑሮንና በቂ የዓረብኛ ዕውቀትን ይጠይቃል፤ በዓመት የሚሰጠውም በመደበኛው ሁኔታ ከ100 ሰዎች አይበልጥም። በአንጻሩ አገሪቱ በ2020 ሠራተኛው ያለ አሠሪው ይሁንታ ሥራ እንዲቀይር ፈቅዳለች። ባሕሬን በ2022 የጀመረችው ወርቃማ መኖሪያ ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት በአገሩ ለኖረና መነሻ ደመወዙ ከ2,000 ዲናር ላላነሰ ባለሙያ ክፍት ነው።

እነዚህ ፈቃዶች ሁሉን አይሰጡም። የመኖሪያ ዋስትና የሥራ ዋስትና አይደለም፤ የቅጥር ውሉ እንደ ቀድሞው በየጊዜው ይታደሳል። የውጭ ዜጋው በአብዛኛው የሚያገኘው የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ እንጂ እንደ አገሩ ዜጋ የዕድሜ ልክ ጡረታ አይደለም። ዜግነትም ሌላ በር ነው። ኤምሬትስና ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 ለተመረጡ ሊቃውንትና ባለሙያዎች ዜግነት የሚሰጥበትን መንገድ ቢከፍቱም፣ የሚገባበት በጥቆማና በምርጫ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በፕሮፌሰሮች ብቻ አይቆምም። በኤምሬትስ አንድ ባለሙያ በሥራው መንገድ ወርቃማ ቪዛ ለማግኘት በደንቡ የወር ደመወዙ 30,000 ድርሃም መድረስ አለበት። ጀማሪው የቋንቋ መምህር፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውና የቤተ ሙከራ ባለሙያው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች ናቸው። ከእነርሱም በታች ያሉ አሉ። በመጋቢት 2021 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የሥራ ግንኙነት ማሻሻያ የግል ዘርፍ ሠራተኞችን ከቀድሞው የካፋላ ሥርዓት ጫና በከፊል ሲያላቅቅ የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። በባሕረ ሰላጤው ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ውስጥ ብዙ ሴቶች የሚገኙት በዚህ ዘርፍ ነው። የምሁሩን ፈቃድ ከአሠሪው እጅ ያወጣው አስተሳሰብ ወደ እነርሱ እስኪደርስ ገና ይቀረዋል።

ከአፍሪካ ቀንድ የመጣ ሊቅ በዚህ ቀጣና መኖሪያ ማግኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። በካይሮው አል አዝሃር የጀበርቲ ሪዋቅ በመባል የሚታወቀው ማደሪያ ከዛሬዋ ኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ለሚመጡ ተማሪዎች የተለየ ነበር። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲወር የዘመኑን ታሪክ የጻፈው አብዱረሕማን አል ጀበርቲ ከዚሁ ወገን ነው፤ አባቶቹ በትውልድ ቅብብሎሽ ያንን ሪዋቅ በሹምነት መርተዋል። ቤተሰቡ ከመጣበት አካባቢ የወረሰውን ስም ይዞ የካይሮ ሊቅ ሆኖ ኖሯል።

ዛሬም ለኢትዮጵያ ትልቁ ፋይዳ የሚገኘው ብዙም ትኩረት ባልተሰጣት አንዲት አንቀጽ ነው። በኤምሬትስ ተራው የመኖሪያ ፈቃድ ባለቤቱ በተከታታይ ከስድስት ወር በላይ ከአገሩ ውጭ ከቆየ በመርሕ ደረጃ ይሰረዛል። በዚህ ሥርዓት የሚኖር ኢትዮጵያዊ ምሁር ሙሉ የትምህርት ዓመት በአዲስ አበባ፣ በጅማ ወይም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ላስተምር ቢል ተመልሶ የሚገባበትን በር ሊያጣ ይችላል። ወርቃማ ቪዛ ግን ይህ ገደብ የለበትም። ባለፈቃዱ ዓመቱን በአገር ቤት አስተምሮ ተማሪዎቹንና ቤተ ሙከራውን ወዳቆየበት ከተማ መመለስ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የምሁራን ፍልሰት የሚለካው በሄዱት ቁጥር ነው። ሆኖም ከሄዱት አንዳንዶቹን የሚያርቃቸው የፍላጎት እጦት ሳይሆን፣ ከወጡ ላይመለሱ ይችላሉ የሚለው ስጋት ሊሆን ይችላል። አስተናጋጆቹ አገሮች ያንን ስጋት ማቅለል ጀምረዋል። የቀረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ ነው፤ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ወይም ለአንድ ዓመት የሚመጣን መምህር በፍጥነት የሚቀበል፣ ኮርስ የሚመድብና የምርምር ተማሪዎችን አብሮት እንዲያማክር የሚፈቅድ አሠራር ማዘጋጀት። የአሥር ዓመት ፈቃድ የያዘ ምሁር የአሥር ዓመት ዕቅድ ማውጣት ይችላል፤ በዚያ ዕቅድ ውስጥ አገሩ ቦታ እንድታገኝ የሚጋብዘው ግን ያስፈልገዋል።