የ11ኛ ክፍል ምርጫ

አንባቢ ሆይ፤ ልጅዎ 10ኛ ክፍልን ሊፈጽም ተቃርቦ እንደ ሆነ ይህን ያስተውሉ። ተማሪ በ11ኛ ክፍል ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይመርጣል። ሂሳብና እንግሊዝኛ ለሁለቱም ይሰጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በአንዱ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ በሌላው ናቸው።

በአፋምቦ አንድ ተማሪዬ ጓደኛውን ተከትሎ ማኅበራዊ ሳይንስ ገባ። የልቡ ምኞት ግን የአባቱን ግመሎች የሚያድን የእንስሳት ሐኪም መሆን ነበር። ይህ ትምህርት የተፈጥሮ ሳይንስን እንደሚጠይቅ የተረዳው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ከአገሩ ሩቅ አልነበረም፤ ያራቀው ምርጫው ነው።

እንግዲህ አስቀድሞ ሥራው ይታሰብ፤ ቀጥሎ ለሥራው የሚያስፈልገው ትምህርት ይጠየቅ፤ ክፍሉ በመጨረሻ ይመረጥ። ሕግ መማር የሚወድም ልጅ ማኅበራዊ ሳይንስን «የሰነፎች ነው» ሲሉ ሰምቶ አይሽሽ። ጓደኛ ቢበዛ ሁለት ዓመት አብሮ ይቀመጣል፤ ሥራ ግን የዕድሜ ልክ ባልንጀራ ነው።