በፓስታ ፈንታ ጎመንና ዝኩኒ፤ በሶማሌ ተራ የተደረገ ሙከራ



በአዲስ አበባ መርካቶ፥ ሶማሌ ተራ በሚባለው ሠፈር፥ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የመዶሻው ድምፅ ጋብ ይላል። ሲፈታ ያረፈደው ሞተር ባለበት ይተዋል፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ሱቁን ለረዳቱ አደራ ብሎ፥ መካኒኩም ዘይት የነካውን እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ወደ ምግብ ቤት ይገባል። በዚያ ሰዓት ፓስታ ያልቀረበበት ገበታ ማግኘት ያስቸግራል። በጾም ቀን በቲማቲም ስጎ፥ በፍስክ ቀን በሥጋ ይሆናል፤ ከጎኑም ዳቦ ወይም እንጀራ አይጠፋም።

የገበያው ስም ከጣሊያንኛ እንደ መጣ ሁሉ ፓስታና ስጎ የሚሉት ቃላትም ከዚያው ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዘው በቆዩበት ጊዜ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥተው ወደ ዛሬው ሥፍራ አዛወሩት፤ ምግባቸውም በከተማው ውስጥ እየተለመደ ሄደ። ጣሊያኖች ለረዥም ዘመን በገዙት በደቡቡ የሶማሊያ ክፍልም ፓስታ የዕለት ምግብ ሆኖ ቀርቷል፤ በዚያ ግን ሙዝ ይጨመርበታል። ይህን እንደ ጉድ የሚያየው የእኛ ሰው ደግሞ ፓስታን በእንጀራ ጠቅልሎ መጉረሱን ይዘነጋዋል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆኑን አንድ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸው ከኀምሳ ያለፈ፥ ቀኑን ሙሉ በሱቃቸው ደጃፍ በወንበር ላይ የሚውሉ፥ በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ማለቱ ከተነገራቸውም አንድ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። «ፓስታ ቀንስ ተብያለሁ። ታዲያ ልጄ፥ ምን ልብላ? ሣር ልጋጥ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክር የሚሰጥ ሁሉ አትብላ ማለትን ያውቃል፥ ምን እንደሚበላ ግን ሳይናገር ያልፋል።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ውፍረት ለመቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች በፓስታ ፈንታ የሚበሉትን የጃፓኖች ምግብ ቀምሰናል። ይኸውም ኮንጃክ ከሚባል ተክል ሥር በሚገኝ ዱቄት የሚሠራ፥ እንደ ክር የረዘመ ነገር ነው። ከመቶው 97 እጅ ያህሉ ውሃ ስለ ሆነ በ100 ግራም ውስጥ የሚገኘው ኃይል ወደ 10 ካሎሪ ብቻ ነው። ከረጢቱ ሲከፈት የዓሣ ሽታ የመሰለ ሽታ አለው፤ ደኅና አድርገው ካጠቡት ሽታው ይለቃል፥ ነገር ግን በጥርስ ሥር ይንሸራተታል እንጂ አይታኘክም። እኛም ቀን ቀን እርሱን በልተን ማታ ማታ ዳቦ ስንፈልግ እንገኝ ነበር። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ለነጋዴው ከመንገር ይልቅ በአጠገባችን ያለውን አትክልት መሞከር የሚሻል መሰለን።

በሚዛን ብንመለከተው ልዩነቱ ሰፊ ነው። የተቀቀለ ፓስታ በ100 ግራም ውስጥ 150 ካሎሪ ያህል ይይዛል፤ ካሮት 40፥ ጥቅል ጎመን 25፥ ዝኩኒ ደግሞ 17 ያህል ብቻ ነው። እነዚህን ይዘን ነጋዴው ዘወትር ምሳ ወደሚበሉበት ምግብ ቤት ሄድን። የቤቱ ባለቤት፥ ሁሉም እትዬ እያለ የሚጠራቸው ሴት፥ በመጀመሪያ እየሣቁ፥ ኋላም በቁም ነገር ወጥ ቤታቸውን ፈቀዱልን።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ዝኩኒውን በቢላዋ እንደ ክር አድርገን ቆርጠን፥ እንደ ፓስታው በፈላ ውሃ ውስጥ ቀቀልነው። ስጎው ሲፈስበት ከሥሩ ውሃ አቆረ። እትዬም ሰሐኑን አዘንብለው አሳዩንና «ልጆቼ፥ ይህ ሾርባ ነው» አሉ። በማግስቱ ጥቂት ጨው ነስንሰንበት ሩብ ሰዓት አቆየነው፤ ከዚያም አለቅልቀን፥ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቀን፥ በጋለ መጥበሻ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ አገላበጥነው። ይህ ተበላ። ካሮቱ በመፈቅፈቂያ ተፈቅፍቆ ቀረበ፤ ጣፋጭነቱ ከበርበሬው ጋር አልተስማማም። ከሁሉ የበለጠው ጥቅል ጎመኑ ነበር። በቀጭኑ ተሰንጥቆ በፈላ ውሃ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ሲንጠፈጠፍ በሹካ ይጠቀለላል፥ ስጎውንም ይይዛል፥ ሲታኘክም ጥርስን አያሳፍርም። በእርግጥ የፓስታ ጣዕም የለውም፤ አለው የሚል ሰው ቢኖር አትመኑት።

በዚህ መካከል አንድ ጥፋት ሠርተናል፤ ሳንሸሽግ እንናገራለን። ለነጋዴው ሙሉ ሰሐን ጎመን ያለ ፓስታና ያለ ዳቦ ስናስቀርብላቸው ምን መድኀኒት እንደሚወስዱ አስቀድመን አልጠየቅንም ነበር። እርሳቸው ግን ጧት ጧት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን ይወስዱ ኖሯል። ይህ መድኀኒት ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፋ ነው፤ ሰውየው በቂ ምግብ በላ አልበላ ሥራውን አይተውም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጋዴው በሱቃቸው ውስጥ ላብ አጠመቃቸው፥ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፥ ለደንበኛ የሚመልሱትን ገንዘብ መቁጠር ተሳናቸው። ረዳታቸው የተቈጡ መስሎት ዝም ብሎ ይመለከታቸው ነበር። ደግነቱ አንድ ጎረቤት ነገሩ ገብቶት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ አጠጣቸው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም ተመለሱ።

አንባቢዎቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። እንዲህ ያለ ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እህሉን በድንገት ቢቀንስ የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፥ መንቀጥቀጥ፥ ረኀብና ግራ መጋባት ሲታይ ወዲያው ስኳር መስጠት፥ በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ደግሞ መድገም፥ ከዚያም ምግብ ማብላት ያስፈልጋል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። የኪኒኑ ኃይል ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ የተሻለውም ሰው በዚያው ቀን ሊመረመር ይገባል። ነጋዴውም ወደ ሐኪማቸው ሄደው የመድኀኒቱ መጠን እንደ አመጋገባቸው ተስተካከለላቸው፤ በገዛ ፈቃዳቸው ኪኒኑን አላቋረጡም።

ከዚያ በኋላ ሐኪማቸው ተስማምቶ ግማሽ በግማሽ ወደሚለው ዘዴ ተሻገርን። በዚህ ጊዜ ሰሐኑን ሁሉ መዘንን። ነጋዴው ቀድሞ ይበሉት የነበረው ፓስታ ስጎው ሳይቆጠር 400 ግራም ነበር፤ ይህም 600 ካሎሪ ያህል ነው። አብሮት የሚቀርበው ዳቦ 200፥ በስጎው ውስጥ የገባው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 240 ያህል ይጨምራል። ድምሩ ከ1000 ያልፋል። ከፓስታው ግማሹ ተነሥቶ በጎመን ሲተካ የሚቀነሰው 250 ነው። ነገር ግን ዳቦውን በመተውና ከዘይቱ አንዱን ማንኪያ በማስቀረት ብቻ 320 ይቀነሳል! ሁላችንም ዓይናችንን በፓስታው ላይ ተክለን ስንከራከር ዳቦውና ዘይቱ ሳይጠየቁ ያልፉ ኖሯል።

ጎመን ብቻውን ሆድ አያስይዝምና ነጋዴው አሥር ሰዓት ሳይሞላ ብስኩት እንዳይፈልጉ በስጎው ላይ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ተጨመረ። ይህ 115 ካሎሪ ያህል ሲሆን ዘጠኝ ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ፓስታውም ሲነከስ ጥቂት ጠንከር እንዳለ ከድስቱ እንዲወጣ ነገርናቸው፤ እጅግ ከተቀቀለው ይልቅ ወደ ስኳርነት የሚለወጠው ቀስ ብሎ ነውና። እትዬ በዚህ ነገር እስካሁን አልተስማሙም፤ «ጥሬ አብልታ ገደለችው ልባል ነው?» ይላሉ።

ይህ ምክር ለሁሉም አይደለም። በዚያው ምግብ ቤት በሌላው ጥግ የሚበሉት ተሸካሚዎች ከጧት ጀምሮ ጎማና የሞተር ብረት በጀርባቸው ሲያመላልሱ የሚውሉ ናቸው፤ ለእነርሱ ያ 1000 ካሎሪ ጉልበታቸው ነው። አንደኛው የነጋዴውን ሰሐን አይቶ «ጋሼ ምን አጥፍተው ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምተናል። መምህራንም ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎች ስታነቡ በማደግ ላይ ያለ ልጅ እህሉን እንዲቀንስ የተነገረ እንዳይመስል አደራ እንላለን።

ስለ ንጽሕና ጥቂት እንጨምር። ለአዲስ አበባ ገበያ ከሚቀርበው አትክልት ከፊሉ የከተማው ቈሻሻና የፋብሪካ እዳሪ በሚፈስበት በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚበቅል ነው። ስለዚህ የጎመኑ የላይኛው ቅጠል ተነሥቶ ይጣል፤ የቀረውም ከመሰንጠቁ በፊት ቅጠል በቅጠል በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ሥጋ የተከተፈበት ሰሌዳና ቢላዋ ሳይታጠብ ለአትክልት አይሁን። የሞተር ዘይት የነካውን እጅ በቤንዚን ማስለቀቅም በሠፈሩ የተለመደ ነው፤ ቤንዚን ቆዳን ያደርቃል፥ መርዙም በቆዳ በኩል ሊገባ ይችላል። በሳሙናና በውሃ ደጋግሞ መታጠብ ጊዜ ቢወስድም የሚበጀው እርሱ ነው።

ነጋዴው ዛሬም በዚያው ወንበር፥ በዚያው ሰዓት ምሳቸውን ይበላሉ። ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎችም «ግማሽ በግማሽ» ብለው ማዘዝ ጀምረዋል። የሚከፍሉት ግን የሙሉ ፓስታ ዋጋ ነው። ጎመን ከፓስታ የረከሰ ሆኖ ሳለ ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ እትዬን ብንጠይቃቸው ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ «የሚሰነጥቀው ማን ሆነና!» ብለው መለሱልን።