ሞተር ከነካምቢዮው

በጂንካ ከሹፌሩ ዕድሜ የሚበልጥ ላንድክሩዘር ማየት ብርቅ አይደለም። ቀለሙ ደጋግሞ ተቀብቷል፣ ባሌስትራው ተደርቦለታል፣ የወንበሩ ልብስ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ባለቤቱም አያስታውሰውም። ኮፈኑ ሲከፈት ደግሞ ከጃፓን አብሮት የመጣው ሞተር ላይገኝ ይችላል፤ በቦታው ከሌላ መኪና የወረደ ሞተር ተቀምጧል። ሥራው በወጉ ከተሠራ ይህ ለመኪናው ነውር አይደለም።

ሞተርን የሚጨርሰው ርቀት ብቻ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ለዘብ ያለ ነው። ጎብኚ የሚያመላልስ መኪና እንጀራው ያለው ግን ታች ቆላው ውስጥ ነው፤ ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ። ከቱርሚ አልፎ ኦሞራቴ ሲደርስ ከፍታው ወደ 400 ሜትር ግድም ይወርዳል፤ ሙቀቱ ግን ያሻቅባል። የደረቀ ወንዝ አሸዋ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ እየጮኸ የሚያልፍ፣ በዝናብ ጊዜ የማጎ ፓርክን ጥቁር አፈር እየገፋ የሚወጣ ሞተር፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከሚናገረው በላይ ሠርቷል።

ከዚያ ምልክቱ ይመጣል። ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል፣ ጠዋት ካልተገፋ አልነሳም ይላል። ባለቤቱ ሁለት መንገድ አለው፤ ማሳደስ ወይም መቀየር። ማሳደስ ብሎኩን ቶርኖ ቤት መላክ፣ ፒስተንና ፋሻ መግዛት፣ ኮሎውን ማስተካከል ይጠይቃል፤ ሥራውን በልኩ የሚሠራ ቤት ከጂንካ ሩቅ ሲሆን ብሎኩ ሄዶ እስኪመለስ መኪናው ቆሞ ይከርማል። ሌላ መኪና ልግዛ ማለትም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ያለውን መኪና ማቆየት የግድ ሆኗል።

የሚቀየረው ምን በምን ነው? እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 የተመረተው ባለ 60 ቁጥሩ ላንድክሩዘር በናፍጣ ከሚሠሩት ሞተሮቹ አንዱ 2ኤች ይባላል፤ ስድስት ሲሊንደርና 3,980 ሲሲ ያለው፣ ቀርፋፋ ግን ታጋሽ ሞተር ነው። ካምሻፍቱን የሚያዞረው ጥርስ እንጂ ቺንጊያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው 1ኤችዜድ 4,164 ሲሲ ነው፤ ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም፣ በመፍቻና በጆሮ የሚጠገን ነው። ገጠር ለገጠር የሚሠሩ ድርጅቶች ለዓመታት የሙጥኝ ያሉት ሞተር ይኸው ነው። ደካማ ጎኑ ቺንጊያው ነው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረ ይበጠስና ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የቀድሞ ታሪኩ የማይታወቅ ሞተር ሲገዛ፣ ሻጩ ምንም ይበል ምን፣ ቺንጊያው ሞተሩ መሬት ላይ እንዳለ ይቀየራል። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መቀየሩ ድርብ ድካም ነው።

የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገሉ ሞተሮች ገበያ ዋና መናኸሪያ ነው። ከዱባይ በኩል የገቡ፣ ከተጋጩ መኪኖች የወረዱ ሞተሮች ዘይት ተቀብተው ተደርድረዋል። ታጥቦ ያበራ ሞተር ማለት ደኅና ሞተር ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አቧራና የደረቀ ዘይት የለበሰው እውነቱን አይደብቅም። ገዢው የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን ይመለከታል፤ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ኮሎውን ፊት ባለው ቡሎን በመፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞራል፤ አንድ ቦታ የሚይዝ ሞተር ተመልሶ ይቀመጥ። ቢቻል ባትሪ አምጥቶ እዚያው ማስነሳትና የዘይት መሙያው አፍ ላይ መዳፍን ማሳረፍ ነው፤ በኃይል የሚገፋ ትንፋሽ ፋሻው ማለቁን ይናገራል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን በሞተሩ መበላሸት አይደለም። ሞተሩ ብቻውን ተገዝቶ ጂንካ ሲደርስ ነው። ኤች55ኤፍ የሚባለው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ከ2ኤችም ከ1ኤችዜድም ጋር ሠርቷል፤ በመካከላቸው ያለው የፍሪሲዮን ቤት ግን የየሞተሩ የራሱ ነው፣ አንዱ በሌላው ቡሎን አይገጥምም። ቀደም ያሉት 60ዎች ደግሞ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ሞተር የሚገዛው ከነካምቢዮው ነው፤ ከነቮላኖው፣ ከነፍሪሲዮን ቤቱ፣ ከነሞተሪኖው፣ ከነዲናሞው፣ ከነሱፖርቱ። ሽቦው በመቁረጫ ሳይሆን በሶኬቱ ተፈትቶ መምጣት አለበት። አንዲት የጎደለች ቁራጭ 750 ኪሎ ሜትር ታስመልሳለች። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም በየጋራዡ እየተሞረደ ከሚገጥም ጉራማይሌ ይረክሳል።

ቮልስ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ ሊስቅ ይችላል። የእሱ ሞተር በአራት ቡሎን የተያዘ፣ በክሪክ ወርዶ በመኪናው ኋላ የሚወጣ ነው። የላንድክሩዘሩ ናፍጣ ሞተር ብቻውን ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

በግቢ ውስጥ ለመሥራት ጂንካ አንድ አስቸጋሪ ነገር አላት። ጎብኚ የሚበዛው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ነው፤ ያን ጊዜ መኪናውን ማቆም ገቢን ማቆም ነው። መኪናው ሥራ የሚፈታው ከመጋቢት ጀምሮ ሲሆን ያን ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ይጥላል። ጣራ የሌለው ግቢ ጭቃ ይሆናል፣ ክሪክም ይሰምጣል። ሸራ ከመወጠር በፊት መሬቱን በጠጠር መደልደልና ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ማንጠፍ ይቀድማል። ሞተሩ በሰንሰለት ፓራንኮ የሚወጣው ከሦስት ወፋፍራም ምሰሶዎች ወይም ከብረት ከተበየደ ማንሻ ላይ ነው። የማንጎ ቅርንጫፍ ላይ ማንጠልጠል ለዓይን ቀላል ቢመስልም ሰው የሚገድል ሥራ ነው። ካምቢዮና ሞተር አንድ ላይ ተጋጥመው ከወጡ በጣም ስለሚረዝሙና ማጋደል ስለሚፈልጉ፣ በግቢ ብዙውን ጊዜ ካምቢዮው አስቀድሞ ከሥር ይወርዳል። የተቀዳው ዘይት በጀሪካን ይጠራቀማል፤ ወደ ነሪ ወንዝ የሚደፋ ሰው ጎረቤቱን እያጠጣው ነው።

ትዕግሥት የሚፈተነው ሁለቱ ሲጋጠሙ ነው። የፍሪሲዮኑ ዲስክ በቮላኖው ላይ ሲታሰር መሃሉ ካልተስተካከለ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም። ለዚህ ከአሮጌ ካምቢዮ የወጣ ዘንግ ፍቱን መሣሪያ ነው፤ ዲስኩ ውስጥ ገብቶ ጫፉ በመሃል ባለችው ትንሽ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ የፍሪሲዮኑ ቡሎኖች ይጠብቃሉ። ካምቢዮው ሲገፋ አንዳንዴ የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይቀርና ይቆማል። ችግር የሚፈጠረው እዚህ ነው። የደከመው ሰው ረጅም ቡሎን ከቶ በመፍቻ ይስበዋል፤ የፍሪሲዮን ቤቱ ይሰነጠቃል ወይም ዲስኩ ይጣመማል። ትክክለኛው መንገድ ካምቢዮውን ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ ከኋላ ትራስሚሲዮን የሚታሰርበትን ሳህን በእጅ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ካምቢዮው ራሱ ይገባል። ቡሎን የሚታሰረው ሁለቱ ብረቶች በእጅ ግፊት ብቻ ከተገናኙ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሽቦና የውኃ ጉዳይ ነው። አንዳንድ 60ዎች በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ የሚገባው ሞተር የ12 ቮልት ከሆነ ሞተሪኖው፣ ዲናሞውና ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ከመኪናው ጋር እንዲስማሙ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የ1ኤችዜድ ፖምፓ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ካላገኘ ናፍጣ አያሳልፍም። ይህ ለመጀመሪያው ማስነሳት ይጠቅማል፤ ያቺ ሽቦ ተነቅላ ሞተሪኖው ጥቂት ጥቂት እያረፈ ይዞራል፣ ሞተሩም ሳይነሳ ዘይቱ እየወጣ በየኩሽኔታው ይደርሳል። የዘይት ጌጁ ሲንቀሳቀስ ሽቦዋ ትመለሳለች፣ አየሩም በፊልትሮው ራስ ላይ ባለው የእጅ ፖምፓ ይወጣል።

ሙቀትን ፈርቶ ተርሞስታት አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ ልማዱ ግን የተሳሳተ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ተርሞስታቱ ሲሞቅ ውኃው ራዲያተር ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭም ይዘጋል። ከተጣለ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከፊሉ ውኃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፤ የኦሞራቴ መንገድ ላይ ሞተሩ ይበልጥ ይግላል። ተርሞስታቱን ከመጣል ይልቅ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተሰገሰገውን የሣር ዘርና አቧራ ማጠብ ይሻላል። ናፍጣም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ የ1ኤችዜድ ፖምፓ የሚለሰልሰው በሚያሳልፈው ናፍጣ ስለሆነ፣ ከበርሜል የተቀዳና ውኃ የገባበት ነዳጅ በቀጥታ ይገድለዋል። ካምቢዮው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ ይታያል፤ ከኋላው ያለው ጎሚኒ ካረጀ ዘይቱ ኃይል ወደ አራቱም ጎማ ወደሚያከፋፍለው ሣጥን እየሾለከ አንዱ ይጎድላል፣ ሌላው ሞልቶ ይፈሳል። መሬት ላይ ጠብታ ስለማይታይ ብዙ ሰው አይጠረጥረውም።

የወረቀቱ ሥራ መጨረሻ ላይ ቢጠቀስም መጀመር ያለበት ገና ሞተሩ ሳይገዛ ነው። ሊብሬው ላይ የሻንሲውም የሞተሩም ቁጥር ተጽፏል። ተሽከርካሪ የሚመዘገበውና የሚመረመረው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው፤ ለቦሎ ምርመራ የሚቀርብ መኪና ብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳሰል አለበት። እናም ሞተር ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቁጥሩን ብሎኩ ላይ በዓይናችሁ አንብቡ፣ በደረሰኙና በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት፣ ወረቀት የሌለውን ሞተር የቱንም ያህል ቢረክስ አትጫኑት።