ንጽሕና ለአንዱ ወገን ብቻ ነውን?

ጥር የሠርግ ወር ነውና እኛም እንደ ሰው ሁሉ ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ስንዞር ሰንብተን ነበር። ከነዚህ ድንኳኖች በአንደኛው ውስጥ በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጥነው ስድስት ወጣቶች ነበርን፤ አንዱ መምህር፣ ሦስቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ የቀረነው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላን ነን። ጠጁ ሲደጋገም ጨዋታው ወደ ሴት ዞረ። ከመካከላችን ጨዋታ ዐዋቂ የሆነው ጓደኛችን ስለ ሴት ወዳጆቹ ብዛት ግማሽ ሰዓት ያህል አጫወተን፤ እኛም እየተቀባበልን ሣቅን። ጥቂት ቈይቶ ይኸው ጓደኛችን ፊቱን ኰስተር አደረገና፣ «እኔ ግን የማገባት የወንድ እጅ ያልነካት መሆን አለባት፤ ሳትሆን ካገኘኋት በማግሥቱ ወደ አባቷ ቤት እመልሳታለሁ» አለ። እኛም ይህን እንደ ቁም ነገር ቈጥረን ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን።

ወጥ ይዘው ሲዞሩ የነበሩ አንዲት ባልቴት ነገሩን ሰምተው ኖሮ፣ ጭልፋቸውን ከድስቱ ውስጥ እንደ ያዙ ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ እሷን ወደ አባቷ ቤት ትመልሳታለህ፤ አንተንስ ወደ ማን ቤት እንመልስህ?» አሉት።

ከገበታው ዙሪያ መልስ የሰጠ አልነበረም። እኛም ጥያቄውን ይዘን ወደ ቤታችን ገባን፤ እነሆ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

በዘመናችን ስለ ወንድና ሴት ግንኙነት ሲነሣ ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን፣ «የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያረጀ ነው፤ ለሠለጠነ ሰው አይሆንም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ሥልጣኔ መጣና ልጆቻችንን አበላሸብን» እያለ ያዝናል። ጠጋ ብለን ብንመረምር ግን ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሴት ልጅ ብቻ ነው። ቀሚሷ አጠረ፣ አምሽታ ገባች፣ ከእገሌ ጋር ታየች ይባላል፤ የእገሌስ ነገር እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ እኛ እንደሚመስለን፣ ትምህርቱ አረጀ ወይም አላረጀም ብሎ ከመከራከር አስቀድሞ፣ ትምህርቱ በእውነት ሙሉው ተሠርቶበት ያውቃልን ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በብዙ የሀገራችን ክፍል የነበረውን፣ ባንዳንድ ስፍራም ገና ያልጠፋውን ልማድ አንባቢ ያውቀዋል። በሠርጉ ሌሊት ሚዜዎች ከደጅ ሆነው ይጠባበቃሉ፤ ሙሽራው «ብር አምባር ሰበረ» የተባለ እንደ ሆነ ደም የነካው ጨርቅ ለሙሽራይቱ ወላጆች ይላካል፤ እልልታውና ጭፈራው ይቀልጣል። ይህ ሳይሆን የቀረ እንደ ሆነ ግን ቤቱ ይጨልማል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የደም መታየትም ሆነ አለመታየት የድንግልና ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ የተፈጥሮ ሁኔታ ከሴት ሴት ይለያያልና። በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ከሌሎች ሁለት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ሆኖ እንዲህ ያለው ምርመራ ሁሉ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው መሆኑን ገልጾ በየትም አገር እንዲቀር ጠይቋል። ስንቷ ንጽሕት ልጅ በሐሰት ምስክር ተዋርዳ ይሆን? ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ለሙሽራው የሚዘረጋ ጨርቅ አለመኖሩ ነው።

ይህን ልማድ ብዙ ሰው ከክርስትና ጋር አንድ አድርጎ ያየዋል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ገብተን የተክሊልን ሥርዓት ብንመለከት የምናየው ሌላ ነው። በተክሊል ጊዜ የሚቀርበው ዘውድ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንዱ በሙሽራው ራስ ላይ፣ ሁለተኛው በሙሽራይቱ ራስ ላይ ይደረጋል። ሁለቱም ካባ ይለብሳሉ፤ ሁለቱም ዘይት ይቀባሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ሥጋና ደም ይቀበላሉ። ተክሊል በድንግልና ለጸኑ ነው ሲባልም ለሁለቱም ነው። ለቅስና የሚታጨውን ዲያቆን ብንወስድ፣ ድንግል እንዲያገባ ብቻ ሳይሆን ራሱም ድንግል ሆኖ እንዲቈይ ይጠየቃል። እንግዲህ በመቅደስ ሁለት የነበረው ዘውድ ድንኳን ሲደርስ አንድ ጨርቅ የሆነው በማን ትእዛዝ ነው?

መጽሐፍ ቅዱስንም ብንገልጥ የምናገኘው ይህንኑ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 የተጻፈውን የይሁዳንና የትዕማርን ታሪክ እናስታውስ። ይሁዳ ምራቱ ትዕማር ያለ ባል መፅነሷን በሰማ ጊዜ ወጥታ እንድትቃጠል ፈረደ። እሷ ግን እየተወሰደች ሳለች የፅንሱ አባት በመያዣነት ትቶት የነበረውን ዕቃ ላከችለት። ይሁዳ አይቶ ዐወቀው፤ የራሱ ነበረና። በዚያን ጊዜ ከእርሱ ይልቅ እሷ ጻድቅ መሆኗን በአደባባይ መሰከረ። ከዚያ ገበታ ላይ ከነበርነው መካከል እንዲህ ያለ መያዣ በየቦታው ያልተወ ስንት ይሆን?

ወደ ሐዲስ ኪዳን ስንመጣ፣ ጌታ በተራራው ስብከቱ ስለ ምኞት ያስተማረው የሚመለከተውን ወንድ ዐይን እንጂ የምትታየዋን ሴት ልብስ አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 7 ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን እንደሌላት ካስተማረ በኋላ፣ ወዲያው ባልም እንዲሁ በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን የሌለው መሆኑን፣ ሥልጣኑም የሚስቱ መሆኑን አስተምሯል። በዚያ ዘመን ለነበረ ሮማዊ ወይም ግሪካዊ ባል ይህ ሁለተኛው ክፍል ያልተሰማ ነገር ነበር። የሮማ ሕግ ምንዝር ብሎ የሚቀጣው ያገባች ሴት የሄደች እንደ ሆነ ነው፤ ያገባ ወንድ ከገረዱ ወይም ከጋለሞታ ጋር ቢተኛ በዚህ ስም አይጠየቅም ነበር።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ይህን አልዘነጉትም። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በስብከቱ የዘመኑን ሕግ በግልጽ ተቃውሟል፤ ሚስትን እየቀጣ ባልን የሚለቅ ሕግ እንደማይቀበል፣ ሕጉም በሴቶች ላይ የከበደው ሕግ አውጪዎቹ ወንዶች ስለ ሆኑ መሆኑን ገልጾ አስተምሯል። ወዳጁ ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ለአንድ ጳጳስ በጻፈው ደብዳቤ የጌታ ቃል ለወንድም ለሴትም እኩል መሆኑን፣ ልማዱ ግን እንዲህ አለመሆኑን ሳይሸሽግ ተናግሯል። ልብ እንበል፤ ልማድ ከወንጌል የተለየ መሆኑን ይህ ታላቅ አባት ከተናገረ ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል። እኛም ዛሬ ያለነው እዚያው ልማድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች እንደሚነሡ እናውቃለን።

አንደኛው፣ «የወንድ ተፈጥሮ ሌላ ነው፤ ራሱን ሊገታ አይችልም» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ዮሴፍን ረስተውታል። ዮሴፍ በግብፅ አገር በጲጥፋራ ቤት ሹም ሆኖ የተሾመ ወጣት ነበር፤ ዘመድ በሌለበት፣ የሚያየው ሰው በሌለበት፣ የጌታው ሚስት ራሷ እየለመነችው እምቢ አለ፤ በዚህም ምክንያት ወኅኒ ወረደ። ዛሬ ወንበርና ማኅተም የተሰጠን ወጣት ሠራተኞች ከማንም በፊት ልናስታውሰው የሚገባን እሱን ነው። የዮሴፍ ፈተና ከበላዩ መጣ፤ የእኛ ፈተና ግን ብዙ ጊዜ ከበታቻችን ካለው ሰው ፊት ነው። ሥራ ፈላጊዋ ልጅ ማመልከቻዋን ይዛ ስትቆም፣ ተማሪዋ ውጤቷን ልትጠይቅ ወደ መምህሯ ስትገባ፣ ያን ጊዜ የሚመዘነው የእሷ ጨዋነት ሳይሆን የባለ ወንበሩ ነው። ራሱን መግታት የማይችል ሰው ሌላውን ሊያስተዳድር እንዴት ይታመናል?

ሁለተኛው መቃወሚያ ከዚህ የጠነከረ ነው። «እኩልነት ከተፈለገ ሁለቱንም ከማሰር ሁለቱንም መፍታት አይሻልምን?» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ሁሉ ክፉዎች አይደሉም፤ የእኅቶቻቸው ውርደት ያንገበገባቸው አሉባቸው። ሆኖም ነፃነቱ ለሁለት ተሰጥቶ ዕዳው በአንዷ ላይ ሲወድቅ በዐይናችን አይተናል።

በልጅነታችን ሰፈር አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ደመወዝተኛ የሆነ ጐልማሳ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው፤ ፀነሰች። ትምህርቷን አቋረጠች፤ አባቷ አንድ ዓመት ሙሉ አላነጋገራትም። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ እንኳ በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ሚዜ ሆኖ ይጠራ ነበር። እኛም የክፍል ጓደኞቿ ነበርን፤ በመንገድ ስናገኛት ሰላምታ ከነሷት መካከል ነበርን። ሰውየውን ግን አንድም ቀን ሰላም ሳንለው አልፈን አናውቅም። ይህን የጻፍነው ሌላውን ለመክሰስ ሳይሆን የራሳችንን በደል ለማስታወስ ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ፣ የኛው ድስት ሲያር ሳናየው የሰውን ስናማስል ኖረናል።

ሕጋችን ቀስ በቀስ ወደ እኩልነት ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ ሴቲቱን 15፣ ወንዱን 18 ዓመት ይጠይቅ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 አድርጎታል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጃገረድ ጠልፎ የወሰደ ሰው ያገባት እንደ ሆነ ከቅጣት የሚድንበት በር ነበረው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው። ምንዝርን በሚመለከት ደግሞ ሕጉ ባልንና ሚስትን በአንድ ዐይን ያያቸዋል። በሽታም እንኳ ከኛ ይልቅ ፍርድ ዐዋቂ ሆኖ ተገኝቷል። በ1978 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ ወዲህ፣ በባሏ ታምና ከቤቷ ሳትወጣ በሽታው የገባባት ሚስት ስንት ናት? ከዚያ በኋላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሙሽሮቹ ከጋብቻ በፊት ደማቸውን እንዲመረመሩ ሲጠይቁ የጠየቁት ሁለቱን ነው። ሕጉና ሐኪሙ ሁለቱን ይጠይቃሉ፤ ልማዳችን ግን ዛሬም አንዷን ብቻ ያቆማል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ ሰባኪዎች አይደለንም፤ በአንድ ገበታ ላይ ስቀን የተነሣን ነን። ነገር ግን ሁለት ነገር ለእድሜ ጓደኞቻችን ለማለት እንደፍራለን።

መጀመሪያ፣ ከእጮኛችን የምንጠይቀውን አስቀድመን ከራሳችን እንጠይቅ። ወጣቱ ንጽሕናን እንደ ክርስቲያን የሚወድ ከሆነ በራሱ ይጀምር፤ በራሱ የማይጀምር ከሆነ ግን የሚፈልገው ንጽሕናን ሳይሆን ያልተነካ ዕቃ ነውና፣ በክርስትና ስም ባይጠይቅ ይሻላል። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» እንደተባለው፣ በከተማ ያደረገውን አድርጎ ሚስት ለመምረጥ ወደማይታወቅበት ገጠር የሚሄድ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ የወደቀ ሰው መነሣት እንደሚችል እንመን፤ ይኸውም ለወንዱ ብቻ አይሁን። ወንዱ ሲሳሳት «ወጣትነት ነው፤ ያልፋል» እንላለን፤ ሴቲቱ ስትሳሳት ግን ዘመኗን ሁሉ እንጽፍባታለን። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የምንዘርዋን ሴት ነገር ደጋግመን ሰምተናል። የኦሪት ሕግ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 20 ሁለቱም እንዲፈረድባቸው ሲያዝ፣ ከሳሾቹ በጌታ ፊት ያቀረቡት እሷን ብቻ ነበር፤ ወንዱ የት እንደ ገባ አልተነገረም። ምናልባት ድንጋይ ከያዙት ጋር ቆሞ ይሆን? ቤተ ክርስቲያናችን ማርያም ግብፃዊትን ከዝሙት ኑሮ ተመልሳ በምድረ በዳ የተጋደለች ቅድስት ብላ ታከብራለች። ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ያለቻትን የምትመስል ሴት ዛሬ በሰፈራችን ብትገኝ፣ እኛ ለሚስትነት ቀርቶ ለጐረቤትነት እንኳ እንቀበላት ይሆን?

ያ ጓደኛችን ባለፈው ሳምንት በመንገድ አገኘንና ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ነገረን። ደስ አለን፤ መልካም እንዲሆንለትም ተመኘን። ከዚያም የባልቴቲቱን ጥያቄ መልሰን አነሣንበት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኔ እኮ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለን።

እውነቱን ነው፤ አልጠየቅነውም። እኛንም የጠየቀን አልነበረም። ከእንግዲህ ግን በየገበታው እርስ በርሳችን ብንጠያየቅ፣ የሚመለሱት ሙሽሮች ቍጥር ያንስ ይመስለናል።